እሰይ፣ ፈረሰች!

አዳማ ውስጥ፣ ወደ አሮጌው ባቡር ጣቢያ በሚወስደው መንገድ የቀረችው ባለበረንዳ ቤትም ባለፈው ሳምንት ተገላገለች። ጠዋት ስሄድ ቤት ነበረች፤ ስመለስ አቧራ። በየሰፈራችሁ የምታዩት ስለሆነ ዝርዝሩን ልዝለለው። የአፍራሾቻችን እጅ ይባረክ!

ደግሞስ ምን ታደርግልናለች? ባቡሩ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከገባ ወዲህ ሐዲዱን ተከትለው የበቀሉ ቤቶች ኋላቀር ናቸው። አናጺው የአዳማን ፀሐይ ፈርቶ ጣሪያውን ከፍ፣ በረንዳውን ሰፋ ያደርጋል፤ ከኮርኒሱ ሥር ንፋስ መግቢያ ይተዋል። የጭቃውን ግድግዳ ሙቀት እስኪዘልቀው ይመሻል። ቆጣሪ ሳይዞር መቀዝቀዝ! ይሄ ድህነት ካልሆነ ምንድን ነው?

የኔ ጀግና ግን አንድ ባለሕንፃ ነው። የአባቱን ቤት አፍርሶ ጂ+4 አቆመ፤ ፊቱን በሙሉ ሰማያዊ መስታወት አለበሰው፣ ያውም ወደ ምዕራብ። ምድር ቤቱን ካፌ አደረገና ስሙን «በረንዳ» አለው። ግድግዳው ላይ ያፈረሰውን ቤት ፎቶ በትልቁ ሰቀለ። የጥንቱ የተፈለፈለ ጣውላ ለማገዶ ተሸጧልና አምሳያውን ኤምዲኤፍ በሚሉት የፋብሪካ ጣውላ አሠርቶ ባንኮኒው ላይ ለጠፈ። ከሰዓት መብራት ሲሄድ ኤሲው ይቆማል፣ ደንበኛው እየተጠበሰ ወደ ውጭ ይፈሳል። ስለዚህ እግረኛ መንገዱ ላይ ቆርቆሮ ዘረጋ። ቆርቆሮው እንዳይወድቅ አራት ቋሚ አቆመ። ቋሚዎቹ ባዶ እንዳይመስሉ በእንጨት አጠራቸው። ቀጥሎ የአበባ ጣሳ መጣ፣ ቀጥሎ ዱካ፣ በበዓል ቄጤማ። እግረኛውስ? እግረኛው ከባጃጅ ጋር ይጋፋ፤ ቅርስ ሲታደስ መስዋዕትነት ያስፈልጋል።

ያንን ጣውላ ግን በእጁ የፈለፈለው ሰው ነበር እኮ! ከመፍረሱ በፊት አንድ ሰው ሜትር ይዞ መጥቶ አልለካውም። ንድፉን ያስቀረ የለም። አንድ ቀን ሙሉ ቆመን አይተን፣ በስልካችን ቀርጸን፣ ወደ ቤታችን ገባን። ነውር ነው!

ይቅርታ፣ ሙቀቱ ነው። የቅርስ አዋጅም አለን፣ ቁጥር 209/1992። ቅርስ ይመዝገብ ይላል። እኛ ደግሞ ብልሆች ነን፤ ያልመዘገብነው ቅርስ ፈረሰ ብሎ ማን ይከሰናል?

ትናንት እዚያው ካፌ ጎራ አልኩ። በሩን ልገፋ ስል አስተናጋጁ ሮጦ ያዘኝ።

«ጋሼ፣ ውስጥ ይሞቅዎታል። በረንዳው ላይ ይሻልዎታል።»