ባለቤቱን ካልናቁ ክዳኑን አይነቀንቁ

ትናንት የሚስቴ ወንድም ሊጠይቀን መጣ። ገና ሳይቀመጥ አኳሪየሙ ጋ ሄደና እኔ የሠራሁትን የእንጨት ክዳን በሁለት ጣቱ ያዝ አድርጎ ነቀነቀው። ክዳኑም፣ ምን ያድርግ፣ ተነቃነቀ።

«ይቺ ነገር ላላ አላለችም?» አለኝ።

እንግዳ ሁሉ እንዲህ ነው። ከሱቅ የመጣውን ሶፋ ማንም አይነቀንቅም፤ «በደስታ ተጠቀሙበት» ብሎ ዘፍ ይልበታል። እኔ ራሴ ሠራሁት ካልክ ግን ሁሉም ተቆጣጣሪ መሐንዲስ ይሆናል። «ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ» የሚለውን ተረት ነፍሴ ነው የምወደው። ሰው ስለ ክብር የተነገረ ይመስለዋል። እኔ ግን ይህን ያለው ሰውዬ አጥሩን በገዛ እጁ ያጠረ መሆኑን እምላለሁ። አጥሩም ትንሽ ላላ ብሎ ነበር።

ክዳኑን የሠራሁት ጠግቤ አይደለም። አንድ ማለዳ አንዱን ዓሣ ሶፋ ሥር ደርቆ አገኘሁት። ሌሊት ዘሎ ወጥቶ ነው። ከእንጨት ፍርፋሪ የተጣበቀው ቺፑድ እርጥበት ሲነካው ሻይ እንደነካው ዳቦ ያብጣል፤ ስለዚህ ስስ እንጨት ተደራርቦ የተጣበቀበትን ኮምፔርሳቶ ገዛሁ። ማጠፊያውን ከአሮጌ ዕቃ መሸጫው ከምናለሽ ተራ አመጣሁ፣ አንዱ ትልቅ፣ አንዱ ትንሽ። ከመሣሪያ ያለኝ መዶሻና ካችቢቴ ነው። ካችቢቴ፣ ፒንሳ፣ ስኳድራ፣ ኮምፔርሳቶ... ጣሊያን ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ተቀምጦ የዕቃ ሣጥናችንን በስም ሞልቶልን ሄደ። ማዕዘን ማስተካከያው ስኳድራ ግን የለኝም። እኔ ጋ የደረሰው ስሙ ብቻ ነው።

መጋዝ ከጎረቤት ተዋስኩ። የጋሼ መጋዝ ብቻውን አይመጣም፤ ጋሼን ይዞ ነው የሚመጣው። ከአቦል እስከ በረካ ቁጭ አሉ። የሜትሬ ጫፍ ተሰብሮ ስለነበር «ከ10 ጀምረህ ለካ» አሉኝ። የአናጢ ዘዴ ነው። ከ10 ከጀመርክ 1 ሜትር የሚሞላው 110 ላይ ነው። የኋላውን ጣውላ በትክክል ቆረጥኩ። የፊቱን ስቆርጥ ጋሼ ጨዋታ አመጡና 100 ላይ ቆረጥኩት። ስገጥመው 10 ሴንቲ ጎደለ።

ጋሼ ስኒያቸውን አስቀመጡ። «እኔማ አይቼሃለሁ» አሉ።

አይተው ነዋ ዝም ያሉት!

ያኔ የሰባተኛ ክፍል የእጅ ሥራ አስተማሪዬ ትዝ አሉኝ። በርጩማ ሥሩ ተባልን። ሌላው ሁሉ ባለ ሦስት እግር ሠራ። ሦስት እግር ወለሉ ቢጎረብጥም አይወዛወዝም። እኔ ጎበዝ ነኝ ባይ አራት አደረግኩለት። አስተማሪው ተቀመጡበት፤ ወደ ፊት ሄዱ፣ ወደ ኋላ ተመለሱ። «ይሄ በርጩማ ሳይሆን ፈረስ ነው» ብለው ከ10 ሦስት ሰጡኝ። ሦስት! በነፍስ ወከፍ ለአንድ እግር አንድ እንኳ አይደርስም። ዓመቱን ሙሉ «ባለ ፈረሱ» ስባል ከረምኩ። እስከ ዛሬ ይቅር አላልኳቸውም፣ ለማለትም አላሰብኩም። እናቴ ግን በርጩማውን ከአንዱ እግር ሥር ካርቶን አጥፋ ከተተችበትና ስንት ዓመት ቡና አፈላችበት። አንድም ቀን ነቅንቃው አታውቅም።

ምን እያልኩ ነበር? አዎ፣ ክዳኑ። የጎደለችውን 10 ሴንቲ አልደፈንኳትም። ለሚጠይቀኝ «የአየር መውጫ ናት» እላለሁ። ውሸት አይደለም፤ መብራቱ ይሞቃል፣ እንፋሎቱም መውጫ ይፈልጋል። የሚስቴ ወንድም ግን ክፍተቷ ውስጥ አራት ጣቱን አስገባና፣ «ዓሣው በዚህ አይወጣም?» አለኝ።

«ቡና ይምጣልህ?» አልኩት።

እሱ ሲሄድ ዓሣዎቹን ቆጠርኩ። ሰባት ናቸው። ሌሊት ተነስቼ ደግሞ ቆጠርኳቸው።