ኮርስ ከመሰረዝ በፊት የቢሮውን በር ማንኳኳት

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። አሜሪካ ልጅ ልኮ ለሚያስተምር ቤተሰብ የትምህርት ክፍያው በአንድ ክረምት በእጥፍ ገደማ ናረበት። ስለ ምንዛሪው ብዙ ተጽፏል። ክፍያው ሲያቅት ስለሚናጋው የልጁ ሕጋዊ ኑሮ ግን በበቂ ሁኔታ አልተነገረም፤ እኔን የሚያሳስበኝም እርሱ ነው።

ኤፍ-1 በሚባለው የተማሪ ቪዛ የገባን ልጅ አሜሪካ ውስጥ የሚያኖረው ፓስፖርቱ ላይ የተለጠፈው ቪዛ አይደለም። ቪዛው መግቢያ ነው፤ ከገባ በኋላ ጊዜው ቢያልፍም ተማሪው ሕጋዊ ሆኖ ትምህርቱን መቀጠል ይችላል። የሚያኖረው ዩኒቨርሲቲው የሚሰጠው አይ-20 የሚባለው ሰነድና ሴቪስ የተሰኘው የመንግሥት የኮምፒውተር መዝገብ ነው። በመዝገቡ ላይ መረጃ የሚያስገባው በየዩኒቨርሲቲው የዓለም አቀፍ ተማሪዎች ቢሮ የተመደበ ኃላፊ ነው። ሴሚስተሩ በተጀመረ በ30 ቀናት ውስጥ ተማሪው መመዝገቡን የሚያሳውቀው እርሱ ነው፤ ኮርስ መቀነስ የሚፈቅደውም እርሱ ነው። ያልተከፈለ ዕዳ ምዝገባውን ካገደበት፣ ተማሪው ምንም ጥፋት ባይሠራ እንኳ መዝገቡ አደጋ ላይ ይወድቃል።

የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ በሴሚስተር ቢያንስ 12 ክሬዲት መያዝ አለበት። ገንዘብ ያጠረው ልጅ ግን ሌሊት ኮምፒውተሩን ይከፍትና ከአራቱ ኮርሶች አንዱን ይሰርዛል። አብሮት ለሚኖረው አሜሪካዊ ይህ ተራ ነገር ነው። ለእርሱ ግን 12ቱ ክሬዲት 9 ሲሆን፣ ያለ ፈቃድ በመሆኑ፣ የቆመበት መሬት ተናደ። የሚደውልለት የለም፣ የሚያስጠነቅቀውም የለም። ያው ልጅ ታሞ ቢሆንና የሐኪም ደብዳቤ ይዞ አስቀድሞ ቢሮው ቢሄድ ኖሮ፣ ኮርስ መቀነስ ቀርቶ ሴሚስተሩን ሙሉ እንዲያርፍ ሊፈቀድለት ይችል ነበር። ያንኑ ደብዳቤ ኮርሱን ከሰረዘ በኋላ ቢያመጣው ነገሩ ሌላ ነው። ሕጉ አስቀድሞ ለጠየቀ ሰፊ፣ ሠርቶ ለመጣ ጠባብ ነው።

የገንዘብ እጥረት ብቻውን ኮርስ ለመቀነስ ምክንያት አይሆንም። ነገር ግን አንድ ሙሉ የትምህርት ዓመት የጨረሰ፣ ያልጠበቀው ከባድ የኑሮ ችግር የደረሰበት ተማሪ ከግቢ ውጭ በሳምንት እስከ 20 ሰዓት ለመሥራት ፈቃድ መጠየቅ ይችላል። ደንቡ በምሳሌነት ከሚጠቅሳቸው ችግሮች አንዱ የምንዛሪ ከፍተኛ መዋዠቅ ነው። የብር መውደቅ ለዚህ ማመልከቻ በቂ መነሻ ነው፤ የባንክ ማስረጃና የቤተሰብ ደብዳቤ ይዞ ቢሮውን ማማከር ይቻል ነበር። ስንት ልጆቻችን ይህን ሳያውቁ ትምህርታቸውን አቋረጡ ብዬ አስባለሁ።

በታኅሣሥ 2015 ዓ.ም. የአሜሪካ መንግሥት ለኢትዮጵያውያን ተማሪዎች ልዩ ማቅለያ አውጥቶ ነበር። የተፈቀደለት ተማሪ በሳምንት ከ20 ሰዓት በላይ መሥራት፣ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ ከሆነም ኮርሱን እስከ 6 ክሬዲት መቀነስ ይችል ነበር። ከተራዘመ በኋላ የተቆረጠለት ጊዜ ታኅሣሥ 3 ቀን 2018 ዓ.ም. ነበር። በዚያ የለመደ ተማሪ ዛሬም 6 ክሬዲት ይበቃኛል ብሎ እንዳይቀመጥ፣ የሚያውቅ ይንገረው።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» እያልን ያደግን ሰዎች፣ የገንዘብ ችግርን ግን እንደ ገመና እንሸፍናለን። ልጁ አዲስ አበባ ያሉት እናቱ እንዳይጨነቁ ዝም ይላል፤ ቢሮው እንዳያባርረው ዝም ይላል። የሚነግረው ዋሽንግተን ወይም ዳላስ ላለ አጎቱ ነው። አጎቱም በቅንነት «ና ሱቄ ውስጥ ሥራ፣ በእጅህ እከፍልሃለሁ» ይለዋል። ከምክሮቻችን ሁሉ የከፋው ይህ ነው። ከሕጋዊነት የወጣ ተማሪ፣ ብዙውን ጊዜ በአምስት ወር ውስጥ፣ እንዲመለስ የሚያመለክትበት መንገድ አለ። ያለ ፈቃድ ከሠራ ግን ያ መንገድ ይዘጋበታል።

ደንብ አክባሪነት ሁሉን ያድናል አልልም። በመጋቢትና በሚያዝያ 2017 ዓ.ም. የአሜሪካ መንግሥት የበርካታ ሺህ ተማሪዎችን የሴቪስ መዝገብ በድንገት ዘግቷል። ከእነርሱ መካከል የትራፊክ ጥፋት ብቻ ያለባቸው፣ ክሳቸውም የተሰረዘላቸው ነበሩ። አንዳንዶቹ የሰሙት የቢሮው ሠራተኛ መዝገቡን ሲያይ ነው። ፍርድ ቤቶች እግድ ከሰጡ በኋላ መንግሥት መዝገቦቹን መመለስ ጀመረ። ስለዚህ ተማሪው እያንዳንዱን አይ-20፣ የድሮውን ጭምር፣ የክፍያ ደረሰኙንና ከቢሮው ጋር የተጻጻፈውን ሁሉ በራሱ እጅ ያኑር። ከሐምሌ 2017 ዓ.ም. ወዲህ ለኢትዮጵያውያን ተማሪዎች የሚሰጠው ቪዛ ለሦስት ወርና ለአንድ ጊዜ መግቢያ ብቻ እንዲሆን ስለተደረገ፣ ለልቅሶ እንኳ አገር ቤት የሄደ ልጅ ለመመለስ አዲስ ቪዛ ሊያስፈልገው ይችላል። ከመሄዱ በፊት አይ-20ው ላይ የቢሮው ኃላፊ የጉዞ ፊርማ መኖሩን ይይ።

ዩኒቨርሲቲዎችም ከዚህ ኃላፊነት አያመልጡም። ከአንድ የውጭ ተማሪ በዓመት በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ዶላር የሚሰበስብ ተቋም፣ ተማሪው ከ12 ክሬዲት በታች የሚያወርደውን ኮርስ ሲሰርዝ ቢሮው እስኪፈቅድ ድረስ እንዳይጸድቅ ማድረግ አያቅተውም። ይህን የማያደርግ ተቋም ተማሪውን አሳልፎ እየሰጠ ነው።

አጎትየውም ቢሆን ለሥራ ሊከፍለው ያሰበውን ገንዘብ በልጁ ስም ለዩኒቨርሲቲው ሒሳብ ክፍል ይላክ። ዘመድ ለዘመድ መስጠት አልተከለከለም። የየከተማው ማኅበርና ዕድርም እንዲህ ላለው ችግር የተወሰነ ገንዘብ ቢይዝ፣ ዕዳው ምዝገባ ከማገዱ በፊት ሊከፈል ይችላል፤ ሴሚስተሩ ከተጀመረ በኋላ ያለው ጊዜ 30 ቀን ብቻ ነው።