ገጠሩን በመኪና መስኮት ለምታዩ

የአገሬ ሰዎች፣ በተለይ ብዕርና ማይክ የጨበጣችሁ፣ ተው! ገጠሩ ትዝ የሚላችሁ ዝናብ ሲቀር ብቻ ነው። በመሥሪያ ቤት መኪና ደርሳችሁ፣ ሊቀመንበሩን አነጋግራችሁ፣ የአንዲት እናት እንባ ቀርጻችሁ ሳይመሽ ትመለሳላችሁ። አንባቢውም ከንፈሩን መጦ ያልፋል።

ሕንዳዊው ጋዜጠኛ ፓላጉሚ ሳይናት ይህንኑ ጥፋት በአገሩ አይቶ የሙያ መንገዱን ቀየረ። በቦምቤይ (በዛሬዋ ሙምባይ) የብሊትዝ ሳምንታዊ ጋዜጣ ምክትል አዘጋጅ ነበር፤ በ1993 እ.ኤ.አ. ወንበሩን ለቆ እጅግ ድሃ ወደሚባሉ አውራጃዎች ወረደና ለታይምስ ኦፍ ኢንዲያ ጋዜጣ 84 ዘገባዎች ጻፈ። በምሥራቅ ሕንድ ያለችውን ካላሃንዲን ተመልከቱ። በረሃብ ስሟ የሚነሳ አውራጃ ናት፤ ዝናቧ ግን በአማካይ በዓመት ከ1,000 ሚሊ ሜትር ይበልጣል፣ ሩዟም ለሌላ አካባቢ ይተርፍ ነበር። ታዲያ ሰው ለምን ተራበ? መሬቱና ውኃው በጥቂቶች እጅ ነበር፣ ድሃው በአራጣ ተይዞ ነበር፣ ለድርቅ የወጣው ገንዘብም ተቋራጭ ኪስ ይገባ ነበር። ይህን በግማሽ ቀን ጉብኝት የሚደርስበት የለም። የአበዳሪውን ወለድ፣ የጉድጓዱን ባለቤት፣ እህሉ በመከር የተሸጠበትን ዋጋ ቤት ለቤት እየዞሩ መጠየቅ ይጠይቃል።

በቁጥርም አትታለሉ። ሳይናት ኋላ በዘ ሂንዱ ጋዜጣ የገጠር ጉዳዮች አዘጋጅ ሆኖ ራሳቸውን ያጠፉ ገበሬዎች የሚቆጠሩበትን የመንግሥት መዝገብ ዓመት ለዓመት ሲከታተል ኖሯል። በ2013 እ.ኤ.አ. መዝገቡ 11,772 ሞት ይዞ ነበር፤ በ2014 እ.ኤ.አ. ቁጥሩ 5,650 ሆነ። ግማሹ ተረፈ ማለት ነው? አይደለም። በዚያው ዓመት በመዝገቡ ውስጥ «የግብርና ሠራተኛ» የሚል አዲስ አምድ ተከፍቶ 6,710 ሞት እዚያ ገብቷል። ደምሩት፤ 12,360 ነው። ሴቷ ደግሞ ዕድሜዋን ሙሉ ስታርምና ስታጭድ ብትኖርም፣ መሬቱ በስሟ ካልሆነ ብዙ ጊዜ ከገበሬ አትቆጠርም። ሞቷ «የቤት እመቤት» ተብሎ ይጻፋል።

በሙምባይ አንድ የፋሽን ሳምንት ላይ የመግቢያ ፈቃድ የያዙ 512 ጋዜጠኞች እንደነበሩ የተናገረው ይኸው ሳይናት ነው። ሞዴሎቹ የጥጥ ልብስ ያሳዩ ነበር፤ ቪዳርባ በተባለው የሕንድ ክፍል ያሉ ጥጥ አምራቾች ደግሞ በአውሮፕላን የአንድ ሰዓት ያህል ርቀት ላይ ዕዳ አንቋቸው ራሳቸውን ያጠፉ ነበር። እኛም አብዛኛው ሕዝባችን በእርሻ የሚኖር ነንና ይህ ለእኛ የሩቅ አገር ወሬ አይደለም።

ስለዚህ ወደ ወረዳ ስትወጡ ቢያንስ ሁለት ሌሊት እደሩ፤ ዝናቡ ደህና በሆነበት ዓመትም ሂዱ። ማዳበሪያውን በስንት ገዙት? ብሩን ከማን ተበደሩ፣ በምን ወለድ? ሴቶቹን ባሎቻቸውና ሹማምንቱ በሌሉበት አነጋግሩ። አንባቢዎችም «ቁጥሩ ቀነሰ» ሲባል ከማጨብጨባችሁ በፊት ዘንድሮ ማን እንደተቆጠረ፣ ማን ከአምዱ እንደወጣ ጠይቁ፤ «ድርቅ ነው» ሲባልም ስንት ሚሊ ሜትር ዘነበ በሉ።