ቅሬያችን ለቁም ሰውም ይድረስ

የደሴና የኮምቦልቻ ወገኖቼ፣ ስለ ቅሬያችን፣ ማለትም ስለ ቀብር እድራችን የማቀርበው ይህ ወቀሳ አስቀድሞ የነካው እኔን ነውና ስትሰሙት አትቀየሙኝ።

በቅርቡ ተማሪዎቼን ይዤ ከደሴ በስተሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደምትርቀው ሐይቅ ከተማ ሄጄ ነበር። የጉዞው ዓላማ አባ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ደቀ መዛሙርት ያፈሩበትን የእስጢፋኖስን ገዳም ማሳየት ነበር። ሴቶች ወደ ገዳሙ ስለማይገቡ ልጃገረዶቹ ውጭ ቆዩ። ስንወጣ ግን በቦታቸው አልነበሩም፤ ፈልገን ያገኘናቸው ከአንዲት አሮጊት ደጃፍ ነው። ሁለቱ ውኃ ያመላልሳሉ፣ አንዷ ግቢ ትጠርጋለች፣ የቀሩት ልብስ ያጥባሉ። ማንም አላዘዛቸውም፤ እማማ ጀሪካን አዝለው አቀበቱ ላይ ሲያርፉ አይተው ነው የተከተሏቸው። እኛ መምህራን ስልካችንን አውጥተን ፎቶ ማንሳት ስንጀምር አንዷ፣ «ቲቸር፣ ይልቅ ይህን ይያዙልኝ» ብላ ጀሪካኑን አቀበለችኝ። በሌላው ቀን ማን እንደሚቀዳላቸው ስትጠይቃቸው እማማ የመለሱላት ቃል እስካሁን ከጆሮዬ አልወጣም፦ «ልጄ፣ ቅሬዬን አላጓደልኩም፤ ቀባሪስ አላጣም።»

ወገኖቼ፣ ይህን መልስ በየሰፈራችን ያሉ ስንት እናቶችና አባቶች ሊሰጡት ይችላሉ? ጡሩምባ ሲነፋ እስላም ክርስቲያን ሳንል ሥራችንን ጥለን እንወጣለን፤ ድንኳን እንተክላለን፣ መቃብር እንቆፍራለን፣ ለቀስተኛ እናስተናግዳለን። ይህ የወሎ ክብር ነው፣ አንዳች አልነቅፈውም። ነገር ግን ያ ዛሬ የምንሸኘው ሰው ወራት ሙሉ አልጋ ላይ ሲማቅቅ፣ ግድግዳ የምንጋራው እኛ አንድ ቀን እንኳ ደጁን ሳንረግጥ ቆይተን፣ ለሬሳው ሦስት ቀን መቀመጣችን ምን ይባላል?

ኑሮ ከብዷል ትሉኝ ይሆናል። ከብዷል። ሆኖም በ2013 ማብቂያና በ2014 መግቢያ ከሰሜን የተፈናቀሉ ወገኖች የደሴን ትምህርት ቤቶች ሲሞሉ፣ እንጀራና ወጥ ተሸክመው ይመላለሱ የነበሩት እናቶች ተርፏቸው አልነበረም። በጥቅምት 2014 ተራው የእኛ ሆኖ ልጆቻችንን አዝለን የሐረጎን ቁልቁለት ስንወርድም፣ በየደረስንበት በሩን የከፈተልን ሰው የየትኛው ቅሬ አባል እንደሆንን አልጠየቀንም።

ስለዚህ የቅሬ ዳኞች ሆይ፣ በመጪው ስብሰባ የወር መዋጮው ከተመዘገበ በኋላ፣ በዚያው መዝገብ ላይ በየሰፈሩ አልጋ የያዙትንና ጧሪ የሌላቸውን ስም ጻፉ። ውኃ የሚቀዳ፣ ጤና ጣቢያ የሚያደርስ፣ ማታ ማታ ጎራ ብሎ የሚጠይቅ ተረኛ መድቡ። ወላጆችም ልጆቻችሁ በዚህ ተራ እንግባ ሲሏችሁ በጥናት አታሳቡባቸው። ከቀብር የቀረን ሰው እንደምትቀጡ ሁሉ፣ ከዚህ ተራ የቀረውንም ቅጡ፤ እኔንም ጭምር።