«ባለ 64 ቢት ነን» የሚለው መልስ ቆጣሪውን ከመዞር አያድነውም

ከሊኑክስ ከርነል (የሲስተሙ እምብርት) ዋና የኮድ ዛፍ ውጭ የራሳቸውን ድራይቨር የሚጽፉ ሰዎች፣ አንድን የሚሞሪ ዕቃ ስንት ተጠቃሚ እንደያዘው ለመቁጠር ተራውን ቆጣሪ «አቶሚክ ቲ»ን ትታችሁ ጥበቃ ያለውን «ሪፍካውንት ቲ»ን ተጠቀሙ ሲባሉ ሰሞኑን የሚሰጡት መልስ ያበሽቃል። «ማሽናችን ባለ 64 ቢት ነው፣ ቆጣሪው አይሞላም፤ ስህተት ከተገኘም አንድ መስመር ጨምረን እንደፍነዋለን» ይላሉ።

ውሃ አያነሳም። «አቶሚክ ቲ» ባለ 64 ቢት ማሽን ላይም 32 ቢት ነው። 4,294,967,296 ጊዜ ከተጨመረበት እንደ አሮጌ ታክሲ ኪሎ ሜትር ቆጣሪ ዞሮ ዜሮ ላይ ያርፋል።

እ.ኤ.አ. በ2016 መጀመሪያ የደህንነት ድርጅቱ ፐርሴፕሽን ፖይንት ይፋ ያደረገውን የኪሪንግ (ከርነሉ ውስጥ ያለ የቁልፎች ማኖሪያ) የደህንነት ክፍተት፣ በመዝገብ ቁጥሩ ሲቪኢ-2016-0728ን፣ እንዴት ረሱት? አንድ ፕሮሰስ (በሥራ ላይ ያለ ፕሮግራም) የያዘውን ኪሪንግ በዚያው በራሱ ልተካው ሲል ከርነሉ ኪሪንጉን በስሙ ይፈልግና ቆጣሪውን በአንድ ያሳድጋል። ከዚያ «ያው ነው እኮ» ብሎ በአቋራጭ ሲወጣ መቀነሱን ይረሳል። ያልታረመ ከርነል ላይ ይህን መቶ ጊዜ ደጋግማችሁ ቁልፎችን የሚዘረዝረውን «/ፕሮክ/ኪስ» ፋይል ብትከፍቱ፣ ሦስተኛው ዓምድ ላይ ቁጥሩ ሲያብጥ በዓይናችሁ ታያላችሁ። ቁጥሩ ዞሮ ዜሮ ሲሆን ከርነሉ «ባለቤት የለውም» ብሎ ሚሞሪውን ይለቃል፤ ፕሮሰሱ ግን አድራሻውን እንደያዘ ነው። አጥቂው በተለቀቀው ቦታ የራሱን ዳታ ይተክልና ሩት (የማሽኑ ሙሉ ባለሥልጣን) ይሆናል። ክፍተቱን ባገኙት ሰዎች ሙከራ፣ በኮር አይ7-5500 ላይ፣ ቆጠራው የፈጀው ግማሽ ሰዓት ገደማ ነበር። ቡናው ቶና ሳይደርስ!

ማረሚያው ፓች ቆጣሪውን በአንድ የምትቀንስ አንዲት የ«ኪ ፑት» ጥሪ ነበረች። ትክክል ናት፤ ግን የደፈነችው አንድ መውጫ ብቻ ነው። ስህተቱ ከከርነል ስሪት 3.8 ጀምሮ ሦስት ዓመት ገደማ ተደብቆ የኖረው በእንዲህ ያለ የ«ጎቱ» (ወደ ሌላ የኮድ መስመር መዝለያ) አቋራጭ ላይ ነው፤ ከርነሉ ደግሞ በእነዚህ የተሞላ ነው። ነገ ሌላ ሰው ሌላው ላይ መቀነስ ይረሳል።

በ2017 ከ4.11 ጋር የመጣው «ሪፍካውንት ቲ» ሰው እንደሚረሳ ታውቆ የተሠራ ነው። ጣሪያው ላይ ሲደርስ አይዞርም፣ እዚያው ይቆለፋል፤ ማስጠንቀቂያ ይጽፋል፣ ዕቃውም ከዚያ በኋላ አይለቀቅም። ኪሳራው ማሽኑ ዳግም እስኪነሳ የባከነች ትንሽ ሚሞሪ ናት። ይህን ሩት ከመነጠቅ ጋር አስተያዩት። «ያዘገያል» የሚሉትስ? ከ5.5 ጀምሮ ሙሉ ጥበቃው አማራጭ መሆኑ ቀርቶ የሁሉም ሆኗል። ፍጥነት የሚያሳስበው ይለካ እንጂ አይገምት።

እርግጥ ቅየራው ስም ተክቶ መሄድ አይደለም። ዜሮን «ሥራ ፈት ግን በሕይወት ያለ» አድርጎ የሚቆጥር ኮድ ከዜሮ ላይ ሲጨምር «ሪፍካውንት ቲ» ይጮህበታል፤ ከአንድ እንዲጀምር መታረም አለበት። ትርፍ ቅነሳንም ሁልጊዜ አይዝም። ሚሞሪ መልቀቅን የማይወስን ቆጣሪ፣ ለምሳሌ የፓኬት ስታቲስቲክስ፣ ግን ይዙር፣ አትንኩት።

ድራይቨራችሁ ውስጥ ቀንሶ ዜሮ መሆኑን የሚፈትሸውን «አቶሚክ ዴክ ኤንድ ቴስት»ን ፈልጉ። ከሥሩ ሚሞሪ የሚለቀው «ኬፍሪ» ካለ ያ ስታቲስቲክስ አይደለም።