የ2025 የሴቶች ቴኒስ ንግሥት ማን ናት?

የክርክሩ ሐሳብ፦ «የ2025 (እ.ኤ.አ.) የውድድር ዘመን ንግሥት የቤላሩሷ አሪና ሳባሌንካ ናት።» ደጋፊው ከባሕር ዳር፣ ተቃዋሚዋ የስፖርት መምህርት ከደብረ ማርቆስ ናቸው።

ከባሕር ዳር

ይህ ለክርክር መቅረቡ ራሱ ይገርመኛል። ሳባሌንካ ዓመቱን በዓለም ደረጃ አንደኛ ሆና ጀመረች፤ አንደኛ ሆና ጨረሰች። ከአራቱ ታላላቅ ውድድሮች፣ ማለትም ከሜልቦርን፣ ከፓሪስ፣ ከዊምብልደንና ከኒውዮርኩ ዩኤስ ኦፕን፣ በሦስቱ ፍጻሜ ደረሰች። የማያሚንና የማድሪድን ውድድሮች አሸነፈች። ጳጉሜን 1 ደግሞ፣ በእኛ ሰዓት ምሽት ላይ በተደረገው የኒውዮርክ ፍጻሜ፣ አማንዳ አኒሲሞቫን በሁለቱም የጨዋታው ዙሮች፣ 6 ለ 3 እና 7 ለ 6 ረታች። የዩኤስ ኦፕንን ዋንጫ በተከታታይ ሁለት ዓመት ያነሣች ሴት ከሴሬና ዊሊያምስ ወዲህ፣ ማለትም ከ2014 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ አልነበረችም። ሽንፈቷን ብቻ የምትቆጥሩ፣ ፍጻሜ መድረስ ራሱ ድል መሆኑን አትርሱ።

ከደብረ ማርቆስ

ጋሼ፣ «ፍጻሜ መድረስ ራሱ ድል ነው» አሉ? ታዲያ ዋንጫው ለምን ለአንዷ ብቻ ይሰጣል?

ሜልቦርን ላይ ሳባሌንካን ያሸነፈቻት ማዲሰን ኪይስ ናት። ኪይስ በግማሽ ፍጻሜው በኢጋ ሽቪዮንቴክ ለመሸነፍ አንድ ነጥብ ብቻ ቀርቷት ነበር። ከዚያ ተነሥታ አሸነፈች፤ በፍጻሜው ደግሞ ሳባሌንካን በጨዋታው ሦስተኛና የመጨረሻ ዙር 7 ለ 5 ጣለች። በ29 ዓመቷ የመጀመሪያ ታላቅ ዋንጫዋ ነው። ፓሪስ ላይ በፍጻሜው ኮኮ ጎፍ የመጀመሪያውን ዙር በሳባሌንካ ተነጥቃ ቀሪዎቹን ሁለቱን ወሰደች። ሳባሌንካ በዚያ ጨዋታ ማንም ሳያስገድዳት 70 ኳስ አበላሸች። ንፋስ ነበረ ይባላል። ለኮኮስ አልነፈሰም እንዴ? ዊምብልደን ላይ ደግሞ ሽቪዮንቴክ አኒሲሞቫን በ57 ደቂቃ 6 ለ 0፣ 6 ለ 0 አሸነፈች። በዚያ ውድድር የሴቶች ፍጻሜ ከ1911 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ እንዲህ አልቆ አያውቅም። ንግሥት ካላችሁ እሷን በሉ።

ከባሕር ዳር

እህቴ፣ አንድ ቅዳሜ ጎበዝ መሆንና ዓመቱን ሙሉ ጎበዝ መሆን አንድ አይደለም። ለዓለም ደረጃ በሚቆጠረው ነጥብ፣ ታላቅ ውድድር ያሸነፈች 2000 ነጥብ ታገኛለች፤ ፍጻሜ የተሸነፈች 1300። ለችሮታ የሚሰጥ ነጥብ ነው? ደግሞ ያቺ ንግሥት ያልሻት ሽቪዮንቴክ ፓሪስ ላይ በግማሽ ፍጻሜ በማን ተሸነፈች? በሳባሌንካ! የመጨረሻው ዙር 6 ለ 0 ነበር።

ከደብረ ማርቆስ

ስለ 70ው ኳስ አንዲት ቃል አልተነፈሱም። «ራሱ ድል ነው» ያሉትንም አላስረዱኝም።

ሪያድስ? የዓመቱ መዝጊያ ላይ ኤሌና ሪባኪና አንድም ጨዋታ ሳትሸነፍ ፍጻሜ ገባች፤ ሳባሌንካን 6 ለ 3 እና 7 ለ 6 አሸንፋ ከ5 ሚሊዮን ዶላር በላይ ይዛ ሄደች። ያም ለሳባሌንካ ድል ይቆጠርላት? ከፓሪሱ ሽንፈት በኋላ ኮኮ ያሸነፈችው በእኔ ስህተት ነው የሚል ንግግር መናገሯስ? ይቅርታ የጠየቀችው ዘግይታ ነው። ንግሥት ስትሸነፍም ክብር አላት።

ከባሕር ዳር

አሁን ከጨዋታ ወጥተሽ ወደ ጠባይ ገባሽ። አንዲት ሴት በዓለም ፊት ተሸንፋ፣ ዐይኗ እንባ አቅርሮ ማይክ ሲሰጣት የተናገረችውን ይዞ መፍረድ ደግ አይደለም። ይቅርታዋንም መጥቀስ ብቻ ሳይሆን ልትቀበያት ይገባል። እሷ እኮ ሜልቦርንም ፓሪስም ተሸንፋ፣ ዊምብልደን ላይ በግማሽ ፍጻሜ በአኒሲሞቫ ወጥታ፣ ኒውዮርክ ላይ ያቺኑ አኒሲሞቫን አሸነፈች። አንቺ የስፖርት መምህርት ነሽ። ሁለተኛ የወጣችውን ተማሪሽን ምን ብለሽ ነው ወደ ቤት የምትሸኛት?

ከደብረ ማርቆስ

ተማሪዎቼን ባያነሡ ደስ ይለኝ ነበር። የምንጫወተው በተሰነጠቀ ሲሚንቶ ላይ ነው። መረብ የለንም፤ በሁለት እንጨት መሀል ገመድ ወጥረን ነው። ኳሱ ከገመዱ በታች ይለፍ በላይ በየቀኑ ይጨቃጨቃሉ። ያም ሆኖ ነጥብ ይቆጥራሉ፣ የተሸነፈችም ታለቅሳለች። ነገ ራኬትሽን ይዘሽ ነይ እላታለሁ። አሸንፈሻል ግን አልላትም፤ ውሸት መሆኑን ከእኔ ይልቅ እሷ ታውቃለች። ሳባሌንካም ከፓሪስ ስትወጣ አሸንፌያለሁ አላለችም። ያሉት እርስዎ ነዎት።