ሶሻል ሳይንስ ተምረህ ምን ትሆናለህ?

ከሰርግ እየተመለስን ነበር። ሎስ አንጀለስ፣ እሁድ ማታ፣ ፍሪዌይ 405 ላይ። መንገዱ ተዘጋግቶ መኪናው በእግር ከሚሄድ ሰው አይፈጥንም። ከፊት ጋሼ ይነዳሉ፤ አጠገባቸው አንዲት ነርስ ተቀምጣለች። ከኋላ እኔና የጋሼ የእህት ልጅ አለን። ልጁ 20 ዓመቱ ነው፤ የሁለት ዓመት ኮሌጅ፣ ኮሚኒቲ ኮሌጅ የሚባለው፣ ከገባ ሁለተኛ ሴሚስተሩ ነው። ነገሩን የጀመረችው ነርሷ ናት። ለክፋት አይደለም፣ ዝምታው ሰልችቷት ይመስለኛል።

«አንተ፣ ምንድን ነው የምትማረው?»

«ሶሻል ሳይንስ።»

«እሱስ ይሁን። ምን ትሆናለህ ማለቴ ነው።»

ልጁ አፉን ሳይከፍት ጋሼ ቀደሙት። «ትምህርቱን ተይው፣ ትምህርቱ ምንም አይልም። እኔን የሚያንገበግበኝ ቦታው ነው። ዩኒቨርሲቲ እያለ ኮሚኒቲ ኮሌጅ! በሩ ክፍት ነው፣ ማንም ይገባል። ማንም የሚገባበት ደግሞ...»

ነርሷ ዞር ብላ አየቻቸው። «እኔ ከዚያ ነው የወጣሁት ጋሼ። ይጨርሱት እንጂ።»

አልጨረሱትም።

ነገሩ የተጠላለፈው እዚህ ላይ ነው። ጋሼ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ጂኦግራፊ ተምረው ነው የመጡት። ሶሻል ሳይንስን ማንም እንዲነካባቸው አይፈልጉም፤ ኮሌጁን ግን ይንቁታል። ነርሷ ስለ ኮሌጁ ትሞታለች፣ ትምህርቱን ግን እንደ ቀልድ ነው የምታየው። ልጁ የሁለቱም ጠላት ሆኖ መሀል ላይ ቀረ።

«ስሙኝማ» አለች ነርሷ። «ለካሊፎርኒያ ነዋሪ ኮሌጁ ውስጥ አንዱ ዩኒት፣ አንዱ ክሬዲት ማለት ነው፣ 46 ዶላር ነው። 60 ዩኒት ቢወስድ 2,760 ዶላር። ገቢው ዝቅ ያለ ሰው ደግሞ እሱንም አይከፍልም። የስቴቱ ዩኒቨርሲቲ ላንድ ዓመት ብቻ ከ6,000 በላይ ነው። ታዲያ ያንኑ የመጀመሪያ ዓመት ሳይኮሎጂ በውድ ለመማር ምን አስቸኮለው?»

«ርካሽ አይደለም ማን አለ?» አሉ ጋሼ። «የሚገቡትን አትቁጠሪ፣ የሚሻገሩትን ቁጠሪ። በአገር ደረጃ ወደ አራት ዓመት ዩኒቨርሲቲ የሚሻገረው ከሦስት አንድ ገደማ ነው። ሌላው የት ደረሰ? እንደ እኔ መኪና ይነዳል። መብራት ላይ አጠገቤ ቆሞ አየዋለሁ።»

ነርሷ ለዚህ መልስ አልነበራትም። መልስ ያጣ ሰው እንደሚያደርገው ወደ ደካማው ዞረች።

«እሺ ተሻገረ እንበል። እኔ ስጨርስ የነርስነት ፈተናውን ተፈትኜ፣ ፈቃዴን ይዤ ሥራ ገባሁ። የሶሲዮሎጂ ፈቃድ የሚባል ነገር አለ?»

«እትዬ፣ ነርሲንግ ከመግባትዎ በፊት ሶሲዮሎጂ አልወሰዱም?» አላት ልጁ።

«ወስጃለሁ። ግዴታ ነበር።»

«ለምን ግዴታ ያደረጉት ይመስልዎታል?»

ትንሽ አሰበች። አንዲት በሽተኛ ነበሩ አለች፤ የበኩር ልጃቸው ካልመጣ ወረቀቱ ላይ አልፈርምም ያሉ። ሐኪሙ ሕክምና እምቢ ብለዋል ብሎ ሊጽፍ ነው። እሷ ልጃቸው ጋ ደወለች፣ መጣ፣ ፈረሙ። የእኛው ልጅ ደስ ብሎት ሊናገር ሲል ቀደመችው። «ይሄ ግን ሶሲዮሎጂ አይደለም። ሐበሻነት ነው።»

ሁላችንም ሳቅን። እኔ ግን እስካሁን አልተስማማሁም።

ከዚያ ልጁ ስለ አውቶቡስ ማቆሚያው ነገረን። አስተማሪያቸው አንድ ሰዓት ሙሉ ማንንም ሳታናግሩ አንድ ቦታ ተቀምጣችሁ ያያችሁትን ጻፉ ብላቸው ነበር። እሱ አውቶቡስ ማቆሚያ ሄደ። በዚያ ሰዓት 31 ሰው መጣ። አግዳሚ ወንበሩ አራት ሰው ይይዛል። መጀመሪያ የሚሞሉት ሁለቱ ጫፎች ናቸው፤ ሁለቱም ጫፎች ካልተያዙ መሀል የተቀመጠ ሰው የለም። አንዲት ሴትዮ ባዶ ቦታ እያለ 12 ደቂቃ ቆመው ጠበቁ። ልጁ «ዓይን አፋር ሴት» ብሎ ጻፈ። አስተማሪዋ በቀይ አሰመረችበትና «በምን አወቅክ? ያየኸውን ብቻ ጻፍ» አለችው።

ጋሼ ራዲዮኑን ዘጉት። «ጫፉ ላይ የተቀመጠው ማን ነበር? ዕቃ ይዟል? ሴትዮዋስ የቆሙት በየት በኩል ነው?»

ልጁ ደብተሩ ላይ ካርታ ነገር ሠርቶ ነበር፤ በስልኩ ፎቶ አንስቶታል። ጋሼ መንገዱን ትተው ሊያዩት ሲሉ ነርሷ ጮኸችባቸው።

እኔ እስካሁን ዝም ብያለሁ። ስልኩን እንደያዘ የኮርስ ዕቅድህን አሳየኝ አልኩት። አሳየኝ። ክርክራቸው ሁሉ ከጉዳዩ ውጪ እንደነበር የገባኝ ያኔ ነው።

የሚሠራበት ዲግሪ ጠቅላላ «ሶሻል ሳይንስ» ነው የሚለው። ከዚህም ከዚያም ይወስዳል፦ ትንሽ አንትሮፖሎጂ፣ ትንሽ ፖለቲካል ሳይንስ፣ ትንሽ ታሪክ። ስታቲስቲክስ የመጨረሻው ሴሚስተር ላይ ተጥሏል። ለምን? «ሒሳብ እፈራለሁ።» በሴሚስተር የሚወስደው 9 ዩኒት ነው፤ ቀሪውን ጊዜ ይሠራል።

ፍርዴን እዚያው መኪና ውስጥ ነገርኳቸው። እዚህም እደግመዋለሁ።

ጋሼ ቁጥሩ ላይ ልክ ናቸው፣ ምክንያቱ ላይ ግን ተሳስተዋል። ሰው የሚቀረው በሩ ክፍት ስለሆነ አይደለም። ስሌቱን ሥሩት። በሴሚስተር 15 ዩኒት ብትወስድ 60 በሁለት ዓመት ያልቃል። በ9 ሰባት ሴሚስተር ነው፤ ሦስት ዓመት ተኩል። በዚያ መሀል አንዱ ያገባል፣ አንዱ የሥራ ሰዓት ይጨመርለታል፣ አንዱ መኪናው ይሰበርበታል። ለገንዘቡ ሲባል በየዓመቱ ፋፍሳ የሚባለውን የፌዴራል የትምህርት ርዳታ ማመልከቻ መሙላት ግድ ነው፤ ፔል ግራንት፣ የማይመለሰው የመንግሥት ርዳታ፣ የተፈቀደለት ሰው ዩኒቱ ሲያንስ የሚያገኘውም ያንሳል። ይሄን ለልጁ የነገረው ሰው አልነበረም። ፎርሙን አንድ ጊዜ ሞልቶ የጨረሰ መስሎት ነበር።

ነርሷም ግማሽ እውነት አላት። የሁለት ዓመት ሶሻል ሳይንስ ብቻውን ሩቅ አያደርስም። እዚህ ስቴት ቴራፒስት ወይም ክሊኒካል ሶሻል ወርከር ለመሆን ማስተርስና በሌላ ባለሙያ ሥር የተሠራ 3,000 ሰዓት ይጠየቃል። ስለዚህ ትምህርቱ ዋጋ የሚኖረው ልጁ ከተሻገረ ነው። በያዘው ዕቅድ ደግሞ እየተሻገረ አይደለም።

ካሊፎርኒያ በ2010 ያወጣችው ሕግ አለ። በሕጉ መሠረት ለትራንስፈር፣ ወደ ዩኒቨርሲቲ ለመሻገር፣ ተብሎ የተዘጋጀ አሶሺየት የሚባል የሁለት ዓመት ዲግሪ ተፈጠረ። እሱን የጨረሰ ተማሪ በካሊፎርኒያ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ሥርዓት ውስጥ ቦታ ይረጋገጥለታል። የመረጠው ካምፓስ ላይሆን ይችላል፣ ግን ቦታ አለው፤ በዚያው የትምህርት መስክ ከቀጠለም ባችለሩን በ60 ዩኒት መጨረስ ይችላል። ሶሲዮሎጂም ሳይኮሎጂም እንዲህ ያለ ዲግሪ አላቸው። ኮሌጆቹ በራሳቸው የሚሰጡት ጠቅላላ «ሶሻል ሳይንስ» ግን ይህ ዋስትና የለውም። ስማቸው ይመሳሰላል፣ ልዩነቱን ያልጠየቀ ተማሪ ደግሞ የሚያውቀው ማመልከቻ ሲሞላ ነው።

ስታቲስቲክሱም ወደፊት ይምጣ። የሳይኮሎጂው ዲግሪ ያለ እሱ አይገኝም፤ ሪሰርች ሜተድስ የሚባለው የምርምር ዘዴ ኮርስም እሱን ተከትሎ ነው የሚመጣው። መጨረሻ ላይ ካስቀመጥከው ሁሉም ነገር ከኋላው ይሰለፋል። ነርሷ ይህን ስትሰማ «እኛ እኮ ዩኒቱ የማይቆጠር ሒሳብ ሦስት ሴሚስተር ወስደናል» አለች። ያ ጊዜ አለፈ አልኳት። በ2017 የወጣው ሕግ ከ2019 መኸር ጀምሮ ተማሪው አብዛኛውን ጊዜ በቀጥታ ስታቲስቲክስ እንዲገባ ያደርገዋል፤ ድጋፍ ካስፈለገው አብሮ ይሰጠዋል። ደግሞስ 31 ሰው ቆጥሮ፣ 12 ደቂቃ በሰዓት ለክቶ፣ ካርታ የሠራ ልጅ ምኑን ነው የሚፈራው?

ሰኞ ካውንስለር ጋ ቀጠሮ ያዝ አልኩት። ዲግሪውን ቀይር፣ ስታቲስቲክሱን ለሚቀጥለው ሴሚስተር አድርግ፣ ከቻልክ 12 ዩኒት ውሰድ። ጋሼ «የቤት ኪራዩን ይተውና እኔ ጋ እየኖረ ሥራውን ይቀንስ» አሉ። ይሄን ሲሉ ቦታውን እንደናቁት ረስተውታል።

ልጁ ስልኩን ኪሱ ሊከት ሲል ቆም አለ። «ሶሲዮሎጂ ይሻላል ወይስ ሳይኮሎጂ?»

«ያ ደብተር የየትኛው ክፍል ነበር?» አልኩት።